የፍተሻዋን መስመር ለሰረዙት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ

ይድረስ ለተከበሩ የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ለወጉ ያህል አይደለም፤ እርስዎ በሚያገለግሉበት ሆስፒታል መታመም ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ሰሞኑን ስለተረዳሁ ከልቤ ነው።

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። በትርፍ ጊዜዬ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር፣ በመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈውን የአወሳሰድ ወረቀት የሚያትም ፕሮግራም እንከባከባለን። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ወስዶ ይጠቀምበታል። የእኔ ድርሻ ስህተት ማረምና ኮዱን ሰብስቦ ለሥራ ዝግጁ የሚያደርገውን ስክሪፕት መጠበቅ ነው። ስክሪፕቱ ሁለት መቶ አሥራ አራት ፍተሻዎች ያደርጋል፤ አንዱ ከወደቀ ሥራውን አቁሞ ምክንያቱን ይናገራል። ክቡርነትዎ ለሠራተኛው ባሰራጩት ማስታወቂያ ይህንን «የሥራ ፈቶች ሥራ» ብለው ስላስተዋወቁልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ውለታዎን ለመመለስ ያህል የሚከተለውን አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ኮምፒውተሮቹን ሲያሳድሱ፣ በቁጥር ውስጥ ያለውን ነጥብ ወደ ነጠላ ሰረዝ የሚለውጥ አሠራር መረጡ። ፕሮግራማችን ሰረዙን ስለማያውቀው ይውጠዋል፤ ዜሮ ነጥብ አምስት ሚሊ ሊትር የነበረው አምስት ሆኖ ይታተማል። ስህተቱ የእኛ ነው፤ አልክድም። ሆኖም ስክሪፕቱ ደርሶበት ነበር። አንዱ ፍተሻ ወድቆ ሥራው ቆሞ ነበር። ክፍልዎ ግን ምን እንደወደቀ ከመጠየቅ ይልቅ፣ የምታስቆመውን መስመር ሰርዞ ቀጠለ። ይህንን ሰልዬ አላወቅሁም፤ የተነካካውን ስክሪፕት፣ «ጥፋቱ የፕሮግራማችሁ ነው» ከሚለው የክስ ደብዳቤዎ ጋር አያይዘው የላኩልኝ እርስዎ ነዎት። ከሳሽ ሆነው ማስረጃውን በራስዎ ላይ ስላቀረቡ እጅ ነሥቻለሁ።

ሁለተኛ፦ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው የመድኃኒት ባለሙያዋ፣ ለአንዲት ጨቅላ ሕፃን የታተመውን ወረቀት አንብበው ጠርሙሱን ከእናትየው እጅ መልሰው ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ሁሉ በእጃቸው ይጽፉ ጀመር። ክፍልዎ ስልክ አላነሣ ሲላቸው፣ ቁጥሬን ከፕሮግራሙ ገጽ ላይ ፈልገው ደወሉልኝ። ያሉኝን እንዳለ ላስፍረው፦ «ልጄ፣ እኔ ኮምፒውተር አላውቅም። ግን ግማሽና አምስት አንድ አይደሉም።» ፕሮግራሙን በጠበቅሁባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ውስጥ እንዲህ ጥርት ያለ ጥቆማ ደርሶኝ አያውቅም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አርሜ ላክሁ። ክፍልዎ እርማቱን ያስገባው በዘጠነኛው ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት በመድኃኒት መስጫ መስኮታቸው ፊት ሰልፉ ረዘመ፤ እርስዎም «አገልግሎት አጓተቱ» ብለው ጻፉባቸው። ዛሬ ማስጠንቀቂያቸውን ይዘው ምድር ቤት፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይደረድራሉ።

ሦስተኛ፦ ማስታወቂያዎ «ችግሩ በክፍላችን ጥረት ተፈቷል» ይላል። አንዲት ቁልፍ መጫን ዘጠኝ ቀን የሚፈጅ ከሆነ፣ በእርግጥም ብርቱ ጥረት ነው።

ቀልዱን ልተወውና፣ የዚያን ቀን ስልኩን እንደዘጋሁ ሰረዙን የሚውጠውን መስመር ፈልጌ አገኘሁት። የሳትሁት እኔ ነበርሁ፤ ያዳኑት የመድኃኒት ባለሙያዋ ናቸው። አንድ መስመር ኮድ ባይጽፉም፣ አስፈቅደናቸው ስማቸውን በፕሮግራሙ ገጽ ላይ ከእኛ ከአዘጋጆቹ ስም በላይ አስፍረናል። ክቡርነትዎም ማስጠንቀቂያውን አንሥተው ወደ መስኮታቸው ይመልሷቸው ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ። እምቢ ካሉም አይቸገሩ፤ የሆስፒታሉ ቦርድ ጉዳዩን ሰምቶ ለሐሙስ ጠርቶናል። የሕፃኗ እናትም ወረቀቱን ሳትጥል አስቀምጣው ኖሮ ይዛው ትመጣለች።

ስሜን ከእግርዎ ሥር ሳይሆን ከስክሪፕቱ ሥር አኑሬ፣ በታላቅ አክብሮትና እያለቀ ባለ ትዕግሥት፣
የፕሮግራሙ ጠባቂ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአዲሱ እትም፣ ፍተሻውን ሳያልፍ የተዘጋጀ ፕሮግራም የመድኃኒት መጠን አያትምም፤ በምትኩ የክቡርነትዎን የቢሮ ስልክ በትልልቅ ቁጥር ያትማል። እባክዎ በዚህ ጊዜ እንኳ ያንሡት።