የዳማ ደረጃችንና የየሺ እግር

ሰኞ፣ ኅዳር 4፣ 2010፣ ረፋድ

ጎረቤቴ የሺ ዛሬም ከአልጋ አልወረደችም። ከይምርሐነ ክርስቶስ ስትመለስ ከበቅሎ ወድቃ የተሰበረው እግሯ እብጠቱ ጎድሏል። ጀሶው ግን ገና አይፈታም አሉ። ልጇ ፋንታዬ ከኩልመስክ መጥታ እያስታመመቻት ነው። ባሏ ደህና፤ ያው ወገቡ እንጂ። እግዜር ይማራት። ይቺን ከልቤ ነው ያልኳት።

ማስታወሻዬ፣ አሁን ደግሞ የሚያቃጥለኝን ልንገርሽ። የሺ በዳማው አለፈችኝ።

መ/ር ይርጋ በስልክ የምንጫወተውን ዳማ እየቆጠረ እሑድ እሑድ ደረጃችንን ግሩፑ ላይ ይለጥፋል። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አንደኛዋ እኔ ነኝ። መሪጌታ ከኔ በታች፣ አስጎብኚዎቹ ከኔ በታች፣ የሙጃ ነጋዴዎችም እንደዚያው። ሱቄ የሚገባ ሰው ሰላምታው «እንዴት አደርሽ አንደኛ» ነው። ትናንት፦ 1ኛ የሺ፣ 2ኛ አስካለ። ስልኩን ዘግቼ ከፈትኩት። ያው።

ተኝታ እኮ ነው። በጀርባዋ ተኝታ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5፣ ከሰዓት

ልጠይቃት ሄድኩ። ዳቦ ይዤ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ስልኳን በጎን አያለሁ። ከመሪጌታ ጋር ገጥማለች፤ እሳቸው ከቤታቸው ሆነው። መሪጌታ ደህናውን ጠጠር ትተው ሌላውን አምጥተው አፏ ላይ ያስቀምጡላታል። በላች። ደግሞ ያጎርሷታል። ደግሞ በላች።

ገባኝ። መምጣት ያልቻለው ሁሉ በስልክ ይጠይቃታል፤ ተሸንፎላት «ይማርሽ» ብሎ ይወጣል። በሽተኛ ላይ አይጨከንማ። እሷ እያሸነፈች ፊቷ ጠቆረ። ዛሬ መሪጌታ ዓይናቸው ደክሟል መሰለኝ አለች። አንቺስ አትገጥሚኝም ወይ ስትለኝ ሱቁን ብቻውን ትቼ ነው የመጣሁት ብዬ ተነሣሁ። ውሸቴን ነው። ዘግቼው ነበር።

ጀሶ እግሯ ላይ ነው ያለው፣ ጣቷ ላይ አይደለም። ሌላው ይራራላት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

መ/ር ይርጋን ት/ቤቱ በር ላይ ጠብቄ ያዝኩት። ልጄ፣ ይኼ ደረጃ ፍትሕ የለውም አልኩት። ልጁ ጨዋ ነው፣ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። እስካሁን የሚቆጥረው ያሸነፍነውን ብዛት ነው። እንግዲያ ሥራ ፈት የሆነ ይቀድማል ማለት ነዋ። ከመቶ ስንቱን አሸነፈ ብሎ ማውጣትም አለ። እሱም አይሆንም፤ መሪጌታ ጥቂት አሸንፈው ስልኩን ካባቸው ውስጥ ከተቱት ማለት ነው፣ ማንም አይደርስባቸው። ሦስተኛው መንገድ በነጥብ ነው፦ ብርቱ ሰው ሲያሸንፉ ብዙ ነጥብ ይወስዱበታል፣ ደካማ ሲያሸንፉ ጥቂት፤ በደካማ ከተሸነፉ ብዙ ይሄድብዎታል።

በቃ ይኼ ነው ዳኝነት አልኩ። የአልጋ ላይ ድል ግን ይውጣ፣ እሱ ዳማ ሳይሆን ጥየቃ ነው። አንገቱን አከከ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ላስላውና እናያለን አለ።

ደስ ብሎኝ ሽንኩርቱን ስመዝን አበዛሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 10፣ ማታ

ኔት ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ አሁን መጣ። በአዲሱ ስሌት፦ 1ኛ የሺ። ወርጄ ወርጄ ስሜን ሰባተኛ ላይ አገኘሁት።

ሰባተኛ። ከአስጎብኚዎቹ በታች። ደወልኩለት። የአልጋውን ገና አላወጣሁትም፣ ስንገናኝ ልጠይቅዎት የምፈልገው ነገር አለ ይላል። ምን አለው? እራት አልበላሁም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12፣ ቅ/ሚካኤል

ከቅዳሴ ስንወጣ ጠብቆኛል። መሬት መሬት እያየ፦ «እትዬ አስካለ፣ የአልጋውን ካወጣሁ የእርስዎንም የሐዘኑን ላወጣ ነው።»

የምን ሐዘን?

ስልኩ ጨዋታውን ሁሉ ያስቀምጣል ለካ። ከፍቶ አሳየኝ። ልጄ በር በሩን ከማየት ትረፊ ብላ ዳማውን ስልኬ ላይ የጫነችልኝ ጊዜ፣ ከል ለብሼ። መሪጌታ ጠጠራቸውን አምጥተው አፌ ላይ። አስጎብኚዎቹ አፌ ላይ። የሙጃዎቹም። እኔ ደግሞ ባሸነፍኩ ቁጥር ግድግዳው ላይ ላለው የባለቤቴ ፎቶ እነግረው ነበር። ዛሬም በላኋቸው እያልኩ።

ከሌ እንደወጣ ሁሉም እንደ ልማዱ ይጫወት ጀመር፣ ይበላኝም ጀመር። የብዛቱ ቆጠራ ግን አንዴ ያሸነፍኩትን ስለማይቀንስ አንደኛ አስቀመጠኝ። በነጥብ ሲሆን ወረድኩ።

ያኔ ያልራራልኝ ሰው አለ ወይ አልኩት። አንድ ሰው ብቻ ነው አለኝ። የሺ ነቻ። በከሌ ነው የበላችኝ፣ አንድ ጠጠር ሳትለቅልኝ። አስታውሳለሁ፣ ሆድ የላትም ብዬ ተቀይሜያት ነበር። እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ፎቶውን ዛሬ ቀና ብዬ አላየሁትም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 13፣ ከሰዓት

አልቅሼ ወጣልኝ። ቅናቱ ግን አልወጣልኝም፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። አሁን የምቀናው እሷ ያኔ እንደ ሰው ስለገጠመችኝ ነው። እኔ ግን ሱቅ አለብኝ ብዬ ሸሸሁ።

ለመ/ር ይርጋ ደወልኩ። የሁለታችንንም አውጣ፣ የአልጋውንም የሐዘኑንም። እንደዚያ ከሆነ መሪጌታ አንደኛ ይሆናሉ አለኝ። ይሁኑ። ከሳቸው ጋር በኋላ እንነጋገራለን።

ፋንታዬ አሁን ዘይት ልትገዛ መጥታ ነበር። እናቷን ጠየቅኋት። ደህና ናት፣ ግን ተነጫነጨች፣ ጠያቂ ሲደውል ስልኩን ትራሷ ሥር ትከተዋለች። ከዚያ ፋንታዬ ሳቋን ይዛ መልእክት አለብኝ አለች። እናቴ ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርዎት፦ «ሰው ሁሉ ጠጠር እያጎረሰኝ ሰለቸኝ። ከልቧ የምትቀናብኝ አስካለ ብቻ ናት። እሷ ትምጣ። ዳቦውን ትተወው፣ ቻርጀሯን ግን ትያዝ።»

ሱቁን እየዘጋሁ ነው። ቻርጀሩ የት…