በግቢዎ ውስጥ የማይጮኸው ፍሬን

ሐረር፣ ኅዳር 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ የተሽከርካሪ ምርመራ ኃላፊ

አስቀድሜ ለመላው ጤናዎ፣ በተለይም ለጆሮዎ አላህን እየለመንኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ዩሱፍ ሙሜ እባላለሁ፤ በአሮጌ ታክሲ ከኤረር በር ወደ ድሬ ጠያራ ሰው የማመላልስ ሾፌር ነኝ። በፍሬኔ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ደጅ ጠንቼ ሦስቱንም ጊዜ በፈገግታ ስለመለሱኝ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ግዴታዬ ሆኗል።

1ኛ. መኪናዬ ሰው ሞልታ ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬኗ እንደሚጮኽ፣ ሌላ ጊዜ ግን ዝም እንደሚል ባመለከትኩ ጊዜ፣ ባዶዋን በግቢዎ ውስጥ አሥር ሜትር ያህል አስነድተው «ጤነኛ ናት» በማለት ማኅተም ስለመቱልኝ አመሰግናለሁ። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ቆማ ሳለች ፍሬን እንድይዝ አዘው ጆሮዎን አቀረቡ። የቆመች መኪና ፍሬን አለመጮኹን ከእርስዎ በፊት መርምሮ ያረጋገጠ ባለሙያ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

2ኛ. በሦስተኛው ቀን ቁልቁለቱን አብረውኝ እንዲወርዱ ብለምንዎ፣ «የታመመው ጆሮህ ነው» ብለው ወደ ሐኪም ስለላኩኝም ባለውለታዎ ነኝ። ሐኪሙ ጆሮዬ ሙሉ ጤነኛ መሆኑን ጽፈውልኛል፤ ወረቀቱን አያይዣለሁ።

3ኛ. ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን ወሬ ነው። ባለፈው ሐሙስ ስምንት ሰው ጭኜ ስወርድ ጩኸቱ ጀመረ፤ ጥቂት ቆይቶ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ፣ መኪናዋም አልቆም አለች። ሸሃዳዬን እያልኩ መሪውን ወደ ማሳ ጠመዘዝኩት፤ የማሽላ አገዳ ክምር ተቀበለን። አልሐምዱሊላህ፣ ማንም አልተጎዳም።

ኤረር በር ለውዝ የሚሸጡት እናታችን ወይዘሮ ሐሊማ ሁልጊዜ የሚቀመጡት ከኋላ በግራ በኩል ነው። አገዳውን ከሻሻቸው እየነቀሉ ወርደው፣ «ልጄ፣ የሚጮኸው እኮ ከእኔ ሥር ነው። ስንነሳ ዝም ይላል፣ ሲሞቅ ይጮኻል» አሉኝ። ለሶላት ከያዙት የውዱእ ውሃቸው ቀንሰው በአራቱም ጎማዎች ብረት ላይ ጠብ ጠብ አደረጉ። ሦስቱ ዝም አሉ፤ የኋላ ግራው ቸስ ብሎ ጨሰ።

ስንፈታው የፍሬኑን ሸራ ወደ ቦታው የሚመልሰው ሞላ ተበጥሶ፣ ሸራው አልቆ፣ ብረት ከብረት ሲፋጭ ከርሟል። ሙቀቱ የፍሬኑን ዘይት አፍልቶት ነው ፔዳሉ የከዳኝ። ሞላውም ሸራውም ተቀይሮ ዛሬ በጸጥታ እወርዳለሁ።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከእኔ በኋላ «አልፎ አልፎ ይጮኻል» የሚል ሾፌር ሲመጣብዎ፣ ከወንበርዎ ተነስተው በሚጮኽበት ቦታ ይስሙት። ስምንቱ ሰዎች ልጆች አሏቸው።

በማኅተምዎ ሳይሆን በአላህ ጥበቃ እስከ ዛሬ በሕይወት የሚገኘው ትሑት ታዛዥዎ፣
ዩሱፍ ሙሜ

ማስታወሻ፦ ትናንት የቢሮዎ መኪና እርስዎን ይዛ በኤረር በር ስታልፍ፣ ወይዘሮ ሐሊማ ለውዛቸውን ከመልቀም ቀና ሳይሉ «የፊት ቀኙ ነው» ብለዋል። ለማንኛውም ከኋላ ቢቀመጡ ይሻላል።