በፌርማታው ላይ የተሰቀለውን ፊቴን ስለማውረድ

ለውጭ ምንዛሪ ደላላው ድርጅት ክቡር ሥራ አስኪያጅ
ማናዶ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በዚያ ቀዝቃዛ ቢሮ ውስጥ ለሚሠሩት ወጣቶች ሁሉ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። የእኔን ጤንነት ማወቅ ቢፈልጉ፣ በመንደራችን በሶንደር ሚኒባስ ፌርማታ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ፊት ለፊት ባሰቀሉት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በእጅጉ ተሻሽሎ ይታያል። ስምዎን ሳልጠቅስ በመጻፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ለጸሐፊዎ ደውዬ ብጠይቃት፣ "አባባ፣ ማኔጅመንት ብለው ይጻፉት፣ ይደርሳል" ስላለችኝ ነው።

እኔ ዮሃኒስ ፓንግኬይ እባላለሁ፤ የቅርንፉድ ገበሬና ነጋዴ ነኝ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ስለ ምንዛሪ የማውቀውን ከአሮጌ መጻሕፍትና ከሬዲዮ ዜና ራሴን ያስተማርኩት ነው። ዕድሜ ልኬን የሠራሁት አንድ ሥራ ነው፤ ቅርንፉዴን አድርቄ ጎተራ አስገብቼ ዋጋው እስኪወጣ እቀመጣለሁ። ዓመትም ቢፈጅ እቀመጣለሁ። የውጭ ገንዘብ ስገዛም እንደዚያው ነው።

የምጽፍልዎ ስለ ሄደው ገንዘቤ አይደለም፤ እሱ ሄዷል። በመጪው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ማፓሉሳችን፣ ማለትም ሰው ሲሞት የሬሳ ሳጥኑን የሚገዛው፣ ለለቀስተኛውም ሩዝና ሥጋ የሚያቀርበው የመንደራችን የቀብር ማኅበር፣ ያጠራቀመውን ሁሉ ለእርስዎ ድርጅት ለመስጠት ድምፅ ይሰጣል። ለዚህ ያነሳሳቸው የእኔ ፎቶ ነው። ስለዚህ ከእሁድ በፊት ፎቶዬን እንዲያወርዱልኝ ከታች በተዘረዘሩት ምክንያቶች በትሕትና አመለክታለሁ።

1ኛ. በቅድሚያ ስለ ምክርዎ ላመስግን። ወኪልዎ አቶ ስቴንሊ ካላሎ በሰጠኝ ባለ ቀለም ወረቀት ላይ "ደላላ ከመምረጥዎ በፊት የንግድ ጠባይዎን ይወቁ" ተብሎ ተጽፏል። እውነት ነው። በደቂቃ ገዝቶ በደቂቃ የሚሸጥ ሰው በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ይመልከት፤ እንደ እኔ ገዝቶ ለወራት የሚቀመጥ ደግሞ ደላላው በየሌሊቱ የሚቆርጠውን ክፍያ ይመልከት። በወረቀቱ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች ሁሉ መልሼ "ታጋሽ" ተብዬ ወጣሁ። ፀጉር አስተካካዩ ሮሊም መልሶ "ፈጣን" ተብሎ ወጣ። የተከፈተልን ሂሳብ ግን አንድ ዓይነት ነው። ጫማ ሻጭ የሁሉን እግር በጥንቃቄ ለክቶ ለሁሉም አርባ ቁጥር ቢሸጥ፣ ቢያንስ ስለ መለካቱ ሊመሰገን ይገባዋል።

2ኛ. የጃፓን የን ይወጣል ብዬ ገዛሁ። የኑ ወጣ። እኔ ከሰርኩ። ይህን ነገር ለራሴ ብዙ ጊዜ ደጋግሜ ስላነበብኩት አሁን ምንም አይሰማኝም፤ ለእርስዎ ግን አዲስ ሊሆን ስለሚችል ላስረዳ። የየሌሊቱ ክፍያ ከትርፌ በለጠ፤ በተለይ ረቡዕ ሌሊት ሦስት እጥፍ ይቆረጣል። አቶ ስቴንሊን ለምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ አያቱን እንደሚጠራ ሁሉ፣ "ኦፓ፣ የቅዳሜና የእሁዱን ነው እኮ በረቡዕ የምንወስደው" አለኝ። ገበያው ቅዳሜና እሁድ ዝግ አይደለም ወይ ስለው፣ "ዝግ ነው" አለኝ። ታዲያስ ስለው፣ "ሲስተሙ ነው አባቴ፣ እኔን አይስሙኝ" አለኝ። ፈጣሪ ያረፈበትን ቀን ሳይቀር ሥራ ላይ በማዋልዎ አደንቅዎታለሁ። ሂሳቡን ስከፍት፣ "ለሚቀመጥ ሰው ይሄ ይስማማዋል ወይ?" ብዬ ጠይቄው ነበር። "እኛ ከሁሉም የምንወደው የሚቀመጠውን ነው" ብሎኝ ነበር። አልዋሸኝም።

3ኛ. የፊት ጥርስ የለኝም። ፎቶ ያነሳችሁኝ ሂሳቡን በከፈትኩ ዕለት ነው፤ ያን ጊዜ አፌን ዘግቼ ነበር፤ ሁልጊዜም እዘጋለሁ። በሰሌዳው ላይ ግን አፌ ተከፍቶ፣ ሙሉ ጥርስ በቅሎልኝ፣ "ትዕግሥት ያበለጽጋል" ከሚል ጽሑፍ በላይ ስስቅ እታያለሁ። የሚኒባስ ሾፌሮች "ኦፓ ጥርሱን በዶላር አስተከለ፣ የአፉን ጥርስ ግን ገና ከሂሳቡ አላወጣውም" እያሉ ተሳፋሪ ያስቁብኛል። ባለቤቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ የማን ባል ነው ብላ ታልፈው ነበር።

4ኛ. ይህ ከሁሉም የከፋው ስለሆነ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። እኛ የቅርንፉድ አገር ሰዎች ነን። በእኛ ዘንድ ነጋዴ "ከሰርኩ" ካለ አትርፏል፤ "ዋጋው ሊወርድ ነው" ካለ ሊገዛ ነው። እኔም ዕድሜዬን በሙሉ ከእነዚህ ሰዎች ጋር የኖርኩት የማንንም ሮሮ ሳላምን ነው። እናም በማኅበሩ ፊት ቆሜ ከሰርኩ ስላቸው፣ ሰብሳቢያችን አሮጊቷ ኦማ ዲንቼ ወንግካር፣ "ዮሃኒስ፣ ብቻህን ልትበላ ነው?" አለችኝ። የሂሳቡን ወረቀት ባሳያቸው፣ "እንዲህ ያለ የሐሰት ወረቀት ማሠራት እንኳ ከእሱ በቀር ለማንም አይሆንለትም" ብለው ተሳሳቁ። ተው ባልኳቸው ቁጥር ይበልጥ ይጓጓሉ። ልጄ ሜይስኬ፣ "አባዬ፣ በቃ ድርጅቱን አሞግሰው፣ ግቡ ግቡ በላቸው፣ ያኔ አንድም ሰው አይጠጋም" ብላ መከረችኝ። ምክሯ ትክክል ነው። እኔ ግን ዋሽቼ አላውቅም፣ በዚህ ዕድሜዬም አልጀምርም። ስለዚህ ሐቁን ከእርስዎ አፍ ብቻ ነው የሚያምኑት።

ፎቶውን ማውረድ ወጪ ያስከትላል ከተባለ፣ እዚያው ይቆይና ከሥሩ በዚያው የፊደል መጠን "ይህ ሰው በትክክል ገምቶ ከስሯል" ተብሎ ይጻፍበት። የቀለሙን እኔ እችላለሁ።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት አንብበው እንደሆነ ጠባይዎ የታጋሽ ነው ማለት ነው፤ እንደዚያ ከሆነ በራስዎ ድርጅት ሂሳብ እንዳይከፍቱ በወንድማዊ ፍቅር እመክራለሁ። እግዚአብሔር ከሌሊት ክፉ ሁሉ፣ በተለይም ከረቡዕ ሌሊት እንዲጠብቅዎ እየጸለይኩ፣ ለክቡርነትዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት አቀርባለሁ።

ጥርስ የሌለው ትሑት ደንበኛዎ፣
ዮሃኒስ ፓንግኬይ
ሶንደር

ግልባጭ፦
ለቤተ ክርስቲያኑ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለሚኒባስ ሾፌሮች
ላነበበው ሁሉ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ልኬ፣ ግልባጩን ላነበበው ሁሉ እንዲደርስ ለጋዜጣ ሳልሰጥ እሁድ ደረሰ። መልስዎን ስንጠብቅ ድምፅ ተሰጠ፤ ከእኔ በቀር እጁን ያላነሳ የለም። አቶ ስቴንሊ ገንዘቡን በደረሰኝ ተረክቦ ሄዷል፤ ስለ ጨዋነቱ አመሰግናለሁ። ስንወጣ ኦማ ዲንቼ ክንዴን ይዛ፣ "አትቀየመን ዮሃኒስ፣ ሲሞላልን ላንተም የሚያምር ሳጥን ነው የምንገዛልህ" አለችኝ። ሰኞ ጠዋት አናጺ ጠርቼ ቁመቴን አስለካሁ፤ ዋጋውንም ከጎተራዬ በቅርንፉድ ከፈልኩ። ሌሎቹም የማኅበሩ አባላት እጃቸው ላይ ያለ ነገር ሳያልቅ እንዲለኩ ቤት ለቤት እየዞርኩ መከርኳቸው። ኦፓ ከአናጺው ጋር የሳጥን ንግድ ጀመረ አሉ፤ እኛም በምን ያህል ድርሻ እንግባ ብለው ጠየቁኝ።