ያጠባሽኝ ጡት እንዳይፋረደኝ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ ለሀሊማ፣ ቢስቲማ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ለቀቅ አደረገሽ ወይስ አሁንም ለሶላት ስትነሺ ግድግዳ ትይዣለሽ? ዓይንሽስ? ማሽላው እንዴት ሆነ፤ ዝናቡ በጊዜው ቆመ ወይስ እንደ አምናው እሸት ላይ ሲደርስ መጣበት? ባለቤቴ ሀያትና ልጄ ሙንተሃ እንዴት ናቸው? እህቴ ነጃትስ? ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው?

በደብዳቤ ወግ ቢሆን አሁን «እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ዘንድሮ ያቺን መስመር ዘልያታለሁ። አልሐምዱሊላህን ግን አልዘለልኩም፤ በሁሉም ነገር አልሐምዱሊላህ።

በስልክ ለምን እንዳልነገርኩሽ አንቺው ታውቂዋለሽ። አንቺ ማልቀስ ስትጀምሪ እኔ መዋሸት እጀምራለሁ። ስለዚህ ከእህትሽ ልጅ ከከማል ጋር አቡ ዳቢ፣ ሙሳፋህ ውስጥ የሚሠራው ጧሂር ነገ ለእረፍት አገር ስለሚገባ፣ በእጁ ላክሁልሽ። ነጃት ቀስ ብላ ታንብብልሽ። ነጃት፣ አንቺም የሚያስፈራ ቦታ ስትደርሺ እየዘለልሽ እንዳታነቢላት፤ አመልሽን አውቀዋለሁ።

ሕመሙ የጀመረኝ ከረመዳን በኋላ ነው። ከእምብርቴ በላይ ይወጋኝና ወደ ጀርባዬ ይሻገራል። የምሠራበት ከተማ አል ዓይን ያለው ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብሎ ኪኒን ሰጠኝ። ሌላው ሐኪም ደግሞ የሐሞት ጠጠር ሳይሆን አይቀርም አለ። ጠጠር ከሆነማ እኛም አገር ሞልቷል ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ሽንቴ እንደ ወፈረ ሻይ ጠቆረ፣ ገላዬን ያሳክከኝ ጀመር፣ የምበላው ሁሉ አልረጋልህ አለኝ። አንድ ቀን የአሠሪዬን የካፊሌን ልጆች ከትምህርት ቤት ይዤ አል ቶዋያ ወዳለው ቤታቸው ስመለስ፣ ትንሿ ልጅ ከኋላ ሆና በመስታወቱ አየችኝና ዓይኔ ቢጫ መሆኑን ነገረችኝ። ይህን ያህል ዓመት ስነዳ በዚያ መስታወት ከኋላ የሚመጣ መኪና እንጂ የራሴን ፊት አይቼበት አላውቅም ነበር።

ማዳም የዚያኑ ቀን ሳህኔንና ብርጭቆዬን ለየች። አልፈርድባትም፤ የልጆች እናት ናት። ካፊሌ ግን ሰው ነው፤ ራሱ ወስዶ አስመረመረኝ። ወደ ሰው የሚጋባው የጉበት በሽታ እንዳልሆነ ሲረጋገጥ ሳህኔም ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔ ግን አልተመለስኩም። አቡ ዳቢ ወዳለ ትልቅ ሆስፒታል ላኩኝ።

እዚያ በፎቶ ያዩትን እንደ ገባኝ ልንገርሽ። ሐሞት ከጉበት ወደ አንጀት የሚወርድበት ቀጭን ቱቦ አለ፤ መጨረሻው ላይ በቆሽት ውስጥ ያልፋል። የእኔው እዚያ ላይ ጠብቧል፤ ቆሽቴም አብጧል። ሐሞቱ መውረጃ ሲያጣ ወደ ደሜ ተመለሰ፤ ቢጫው እሱ ነው። ለምን ጠበበ ለሚለው ግን መልስ የለም። ጠጠር አልታየም። የራሴ ደም ቆሽቴን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እያስቆጣው ሊሆን ይችላል፤ እሱ ከሆነ በኪኒን ይድናል። ወይም ደግሞ ያ ስሙን የማልጽፈው በሽታ ሊሆን ይችላል። የምታክመኝ ዶክተር ሱዳናዊት ናት። ከሁለቱ የትኛው ነው ብዬ ብጠይቃት ዓይን ዓይኔን እያየች አላውቅም አለችኝ። እማዬ፣ እኔ ሐኪም አላውቅም ሲል ሰምቼ አላውቅም። ከሕመሙ ሁሉ ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ነው።

በጉሮሮዬ ቱቦ አስገብተው ሊያዩኝ ቀጠሩኝ። ወሬ ፓስፖርት አይጠይቅምና ከማል ለሚስቱ ነገረ፣ ሚስቱ ለአንቺ አደረሰች። አንቺም የወፍ በሽታ ነው፣ የሌሊት ወፍ ጥላዋን ጥላበት ነው አልሽ። እዚህ የማያት ወፍ የአል ጃሂሊ ምሽግ ርግብ ብቻ ናት፤ እሷም ለራሷ ጥላ ፍለጋ ትንከራተታለች። ብቀልድም ግን የላክሽልኝን ድምፅ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም አልሽ። መርፌና ቱቦ ሰውነትህ ውስጥ ብታስገባ ያጠባሁህ ጡቴ ይፋረድህ አልሽ። ስልኩን ዘግቼ መኪናው ውስጥ ቁጭ አልኩ፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ወጥተው መስኮቱን እስኪያንኳኩ ድረስ አላየኋቸውም።

አሁን የምነግርሽን አንቺ ግማሹን ታውቂዋለሽ። የወፍ በሽታ ቅጠል በማር ለውሰሽ በመንገደኛ ለከማል ልከሽ ነበር፤ የወፍ መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይረክሳልና እንዳትነግረው ብለሽ አደራ ብለሽዋል። እኔ ለምርመራ ሙሳፋህ እሱ ዘንድ ስከርም በየጠዋቱ በባዶ ሆዴ አንድ ኩባያ ነገር ይሰጠኝ ነበር። ፌጦ ነው፣ ለሆድህ ይበጅሃል አለኝ። እኔም ከማልን ምን ብዬ ልጠርጥረው፤ ጠጣሁት። ከዚያ ያስመልሰኝ ጀመር፤ ዓይኔም ከበፊቱ የባሰ ቢጫ ሆነ። ቱቦው የሚገባበት ቀን ደርሶ ደሜን ቢያዩት የጉበቴ ቁጥር አሻቅቧል። ዶክተሮቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ በሽታው እየሮጠ ነው ማለት ነው ብለው ፈሩ። ዶክተሯ ሌላ ምን ወስደሃል እያለች ብትጠይቀኝ፣ ወላሂ ምንም አልኩ። ከማል በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ፊቱ እንደ እኔ ቢጫ ሆነና ተናዘዘ።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። የእሷም አገር ሰው ቅጠል እንደሚጠጣ ነገረችን። ነገር ግን ከደሜ ውስጥ የትኛው የቅጠሉ፣ የትኛው የበሽታው እንደሆነ መለየት ስላልቻለች ቅጠሉ ከሰውነቴ እስኪወጣ ቀጠሮውን አራዘመችው። እማዬ፣ አልተቀየምኩም ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም። ተቀይሜ ነበር። ከማልን ለጥቂት ቀን አላነጋገርኩትም። እሱ ግን የዕረፍት ቀኑን ሁሉ እኔን ከአል ዓይን አቡ ዳቢ ሲያመላልስ ከረመ፤ እኔ ሹፌሩ ከጎኑ እንደ ዕቃ ተቀምጬ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ተኳርፎ መኖር አይቻልም። አንቺንም ቢሆን አውቅሻለሁ፤ ያንን ቅጠል ስትቀጥፊ በጉልበትሽ ያን ዳገት እንደወጣሽ ነጃት ነግራኛለች።

መጠበቁ ከባድ ነው። ክፉው ከሆነ በየቀኑ እያደገ ነው እላለሁ፤ ካልሆነም እንዲሁ በፍርሃት እያለቅሁ ነው እላለሁ። የሆዴን ፎቶ የሚያነሳውን ሰው ፊት አነባለሁ። ፈገግ ካለ አዘነልኝ እላለሁ፣ ካላለ ደግሞ አየው እላለሁ። እፈራለሁ እማዬ። ሞቱን ብቻ አይደለም። ሙንተሃ ድምፄን እንጂ እኔን አታውቀኝም፤ ትቼያት የመጣሁት ስትድህ ነው። አንድ ቀን ስለ አባቷ ስትጠየቅ ስልኩን እንዳታሳይ እፈራለሁ።

አሁን የተቀጠርኩት ለፊታችን ሐሙስ ጠዋት ነው። አስተኝተው በጉሮሮዬ ቱቦ ያስገባሉ፤ የጠበበውን የሚከፍት ነገር ይተክሉበታል፣ ከሥጋውም ናሙና ይወስዳሉ። ሥራው ራሱ ቆሽትን ሊያስቆጣ እንደሚችል ዶክተሯ ሳትደብቅ ነግራኛለች። ካልተሠራ ግን የታሰረው ሐሞት ይመርዘኛል፣ ምን እንደያዘኝም ሳናውቅ እንቀራለን። ፈርሜያለሁ።

አጎቴን ሙርሺድን እንደምታስቢ አውቃለሁ። ደሴ ሆስፒታል መርፌ በተወጋ ማግስት ሞተ፤ ከዚያ ወዲህ ቤታችን መርፌ እንደ እባብ ይፈራል። ግን አስቢው እማዬ። አጎቴ ክረምቱን ሙሉ ከአንዱ አዋቂ ወደ ሌላው ሲዞር ከርሞ በቃሬዛ ነው የሄደ። መርፌዋ መጨረሻ ላይ ስለደረሰች ጥፋቱን ሁሉ እሷ ተሸከመች። ይህን የምልሽ ልከራከርሽ አይደለም። እኔም እኮ እዚህ ሆኜ እውነቱን አላውቅም፤ ከአላህ በቀር የሚያውቅም የለም።

የምለምንሽ ይህን ነው፤ ቃልሽን አንሺልኝ። ባታነሺልኝም ሐሙስ እገባለሁ፤ ስለ ሙንተሃ ስል እገባለሁ። ግን ቃልሽ አንገቴ ላይ እያለ ገብቼ የማልወጣ ከሆነ፣ ሰው ቱቦው ገደለው አይልም። የእናቱ ቃል ያዘው ይላል። ሌላው ቢቀር አንቺ ራስሽ ትያለሽ፤ ዕድሜሽን ሙሉ በየሶላቱ ትያለሽ። እኔ ከሞቱ ይልቅ ይህን ጥዬብሽ መሄዱን ነው የፈራሁ። ይቅር ብለሽ አፉ በይኝና ሂድ በይኝ፤ የወጣሁ እንደሆነ እኔ እድናለሁ፣ ያልወጣሁ እንደሆነ አንቺ ትድኛለሽ።

ለሀያት ሰላም በሉልኝ፤ ሳልነግራት የቀረሁት ንቄያት ሳይሆን ደህና ነኝ ስላት ስለምታምነኝ ነው። ሙንተሃን ሁለት ጉንጯን ሳሙልኝ፤ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል እንዳትሰማ። ጎረቤታችንን ጋሽ ሰማኸኝን እጅ ነሥቻለሁ በሉልኝ፤ እሳቸውም በሃይማኖታቸው ይጸልዩልኝ፣ የማን ጸሎት ቀድሞ እንደሚደርስ አይታወቅም። ከማል እግርሽን ስሟል፤ ሊጽፍልሽ ፈልጎ እፍረት ይዞታል፣ አፉ በይው።

ነጃት እህቴ፣ አንብበሽላት ስትጨርሺ የስልኩን ድምፅ መቅጃ ክፈቺና ለአፏ ጠጋ አድርገሽ ያዢላት። አታጣድፊያት፤ አትርጃትም። የምትለውን ራሷ ትበለው።

ልጅሽ ሐምዛ

ሙሳፋህ፣ አቡ ዳቢ
ዓርብ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.