የሚርባት ነፋስና የልጄ ኒካህ

ይድረስ ለውድ ልጄ ለኢናስ ከድሩ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? እንቅልፍሽስ? ወገብሽን የሚያምሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? አሠሪዎችሽስ ጠባያቸው እንደ ወትሮው ነው? እኔ ከሎጊያ ሙቀትና ከናፍቆትሽ በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጎረቤታችን ውባንች፣ ባለ ምግብ ቤቷ፣ እኔ ልጻፍልዎት ብላኝ ነበር፤ እንቢ አልኳት። የልጄን የኒካህ ነገር በሰው እጅ አላጽፍም። ደብዳቤውን ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች እንጂ። እጄ ከመኪና መሪ ሌላ ብዙ ስለማያውቅ ፊደሉ ቢወላገድ አትሳቂ። በስልክ ያልነገርኩሽ ስለምታቋርጪኝ ነው።

አብዱልበሲጥ የሚሉት፣ አንቺ ባለሽበት በዓረብ አገር የባሕር ዳር ከተማ በሚርባት ያለ ዓሣ አጥማጅ ሊያገባሽ እንደጠየቀና የእኔን ፈቃድ እንደምትጠብቂ ነግረሽኛል። በምን ይኖራል ብልሽ በነፋስ አልሽኝ። በኸሪፍ፣ በክረምታቸው ወራት፣ ነፋሱ የባሕሩን የላይኛውን ውሃ ሲገፋው ቀዝቃዛው ከሥር ይወጣል፣ የዓሣ ቀለብ ይዞ ይመጣል አልሽ። እሺ። ደግሞ ዓለም እየሞቀች ስለሆነ ሊቃውንቱ ነፋሱ ሊለወጥ ይችላል ይላሉ አልሽ። ይበረታል ወይስ ይደክማል ብልሽ፣ አባዬ አይታወቅም አልሽኝ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ግራ እንደገባኝ አለሁ።

እኔ በትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና የአሰብን መንገድ ስመላለስ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ባሕርም አይቻለሁ፣ ራዲያተርም አውቃለሁ። ሙቅ ውሃ ላይ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ታች ነው። ነፋስ እንዴት አድርጎ ይገለብጠዋል ብዬ በርሜል ሞልቼ ግቢ አቆምኩ። ነፋሱ ሲነሳ ክንዴን እስከ ብብቴ ከተትኩት። ያገኘሁት አቧራ ነው። ውባንች በአጥር አይታኝ፣ ጋሽ ከድሩ ምን ጠፋብዎት አለችኝ። ባሕር አልኳት። ይኸው እስከ ዛሬ ሾፌሩን ሁሉ ታስቅብኛለች።

ሰመራ ሄጄ ሀብተ ሥላሴ የሚባል አስተማሪ ጠየቅኩ። የብሱ ከባሕሩ ፈጥኖ ሲግል ነፋሱ ሊበረታ ይችላል አለኝ፤ በግለትማ ማን ይቀድመናል ብዬ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ የላይኛው ውሃ ከሞቀ እንደ ክዳን ተኝቶ የሥሩን ሊያፍነው ይችላል አለ። አንዱን ምረጥልኝ ስለው፣ ጋሼ ከመረጥኩማ ዋሸሁ አለኝ። ተቀየምኩት። ያዘዘልኝን ሻይ ሳልጠጣ ወጣሁ።

ስመለስ ኢስማኤልን፣ ያንን ባለ ግመል አፋር ወዳጄን፣ መንገድ ላይ አገኘሁት። እንደ ደንቡ ቁጭ ብለን ዳጉ፣ የመንገደኛ ወሬ፣ ተለዋወጥን። ታውቂው የለም፣ በዳጉ ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ሰማሁ ነው የምትለው፤ ማጣፈጫ አይጨመርበትም። ስለ ነፋሱ የሰማሁትን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ ስለ ነፋሱ ሰማሁ፣ ስለ ሰውየውስ ማን ምን አየ አለኝ። ስንት ሰው ሳደክም ልጄን ስለሚወስደው ሰው አንድም አልጠየቅኩም። እናትሽ ብትኖር ከእሱ ትጀምር ነበር።

ስለዚህ ሰውየውን በስልክ አገናኚኝ። የወደብ አረብኛዬ ይበቃዋል። ነፋሱ ወደፊት እንዴት ይሆናል ብዬ እጠይቀዋለሁ። ይበረታል አትስጋ ካለኝ አንቺን አልሰጠውም። ይጠፋል ብሎ ቢያለቅስብኝም አልሰጠውም። አላውቅም፣ ዓሣው ቢሸሽ ግን ቤቴን በዚህ በዚህ አኖራለሁ ካለኝ፣ እዚያው ስልኩ ላይ በእኔ ፈንታ ኒካሁን የሚያስር ወኪል እሾምልሻለሁ። ይህን አስቀድመሽ እንዳትነግሪው። ብትነግሪውም ከድምፁ አውቃለሁ። ነፋሱ እንደሆነ እኔ አሁንም አልገባኝም፤ አላህ ያውቀዋል።

አብራሽ ለምታድረው ለሱልጣና ብዙ ሰላምታ፣ ለእናቷ ደህና መሆኗን ነግሬያለሁ። ለአሠሪሽና ለልጆቿም ሰላም በይልኝ። ውባንችም ሰላም ብላሻለች። ለአብዱልበሲጥ ሰላምታ አልላክሁም፤ ከመልሱ በኋላ ከራሴ አፍ ይሰማዋል።

አባትሽ ከድሩ
ሎጊያ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.