እቶን ውስጥ ያለችው ማሰሮሽ

ልጄ፣ መንገድሽ ሁሉ ይቅና። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽ ጉልበት ብቻ አስቸግሮታል።

የሚያሳፍር ነገር ልንገርሽ፤ ተደብቄ እያለቀስኩ ነው። ከመሄድሽ በፊት ከወንዙ ዳር ጭቃ የሠራሻትን፣ አንገቷ ላይ የጣትሽ አሻራ ያለባትን ማሰሮ፣ እንድታብረቀርቅ አመድ ቀብቼ ሳልነግርሽ እቶን ከተትኳት። ሦስት ቀን እንጨት ስንማግድ ቆይተን፣ ትናንት ውስጡ ጧ! አለ። እሷ ከተሰበረች አንቺን ክፉ ነገር የሚያገኝሽ እየመሰለኝ እህል አልወርድ ብሎኛል።

«ክፈተው» ስለው አባትሽ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ በትኩሱ ከፍተን ደህናውንም እናፈንዳው?» ብሎ ሳቀብኝ። ግን እሱም ከእቶኑ ዳር አልተነሳም።

እስኪቀዘቅዝ፣ እስከ ሐሙስ፣ በየቀኑ ደውይልኝ፤ ድምፅሽን ልስማ። ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። ሐሙስ በጭቃ የደፈንነውን የእቶኑን በር እኔው አፈርሳለሁ፤ ተርፋም ተሰብራም ባገኛት፣ ሳልዋሽ እነግርሻለሁ።

እናትሽ