ለውሮ ጮክ ብለህ አንብብላት

ወንድሜ አምባው፣

በአሰብ ወደብ እንደ እኔ አሳምሮ የሚጽፍ የመኪና ረዳት የለም! እሺ፣ በዚህ ጋቢና ውስጥ የለም ልበል። ሾፌሩ ከተማ ስለሚያድር እዚህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ትናንት ፀሐይ ስትጠልቅ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ የወደቡ ድመቶች ከበቧቸው። አንዲት ግራጫ ግን ዓሣውን ትታ እኔ ጋ መጣችና ጭኔ ላይ ተኛች። አቃቂ ቢሆን በዚያ ሰዓት ጋቢ እንደርብ ነበር፤ እዚህ ሸሚዙም ይከብዳል።

ሌላኛው ሾፌር ሙሀመድሁሴን ከቃሊቲ ጭኖ መጥቶ፣ «አምባው ቢፈተፍትላትም ድመትህ ውሮ አልቀምስ ብላለች። በሩን እያየች ትጮኻለች» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እኔንም እህል አልወርድ ብሎኛል። ይህን ካርድ በእሱ እጅ የላክሁት ለዚህ ነው።

አልጋው ሥር ያለውን ያልታጠበ ቱታዬን አውጥተህ አንጥፍላት፤ ጠረኔን ታውቀዋለች። ዋናው ግን ድምፅ ነው። ማታ ከመሠረተ ትምህርት ስመለስ ያጠናሁትን ጮክ ብዬ የማነበው ለእሷ ነበር፤ እሷም ያን እየሰማች ነው የምትበላው። ስለዚህ ሳህኗን አስቀምጥና ይህን ካርድ አንብብላት። ስታነብ እንደ አሮጌ ካሚዮን በየዳገቱ ብትቆምም አትስቅብህም። እንዳትጠፋብኝ ብቻ፣ አደራ! ቤት ስገባ የሚጠብቀኝ ሌላ ማን አለ?

በላይነሽንና ልጆቹን ሳምልኝ። ቦታው አለቀ።

ግራጫዋ ጭኔ ላይ ተኛች ያልኩህን ፈጥሬ ነው። ብጠራት ዞር ብላም አላየችኝ። ይቺን መስመር ለውሮ አታንብባት።

ጅብሪል